የኋላውን ዲፈረንሻል ብቻ መቀየር ይቻላል? ለአንድ የሃይሉክስ ባለቤት ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ኤልኤን106 ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ አለኝ፤ ሞተሩ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው ነው። ከመሐል ሜዳ እህል፣ ከደብረ ብርሃን ደግሞ ማዳበሪያና ሸቀጥ አመላልስበታለሁ። ዲፈረንሻሉ ድንጋይ እየነካ ስላስቸገረኝ ከኋላ አንድ የባሌስትራ ቅጠል ጨመርኩ፤ 205አር16 የነበረውንም ጎማ በ265/75አር16 ቀየርኩት። ከዚያ ወዲህ ዳገት አልወጣ አለኝ፤ ፍሪሲዮኑ ይሸታል። ስነሳና ማርሽ ስቀይር ከሥር ‹ቋ› የሚል ድምፅ አለው። ባዶውን ስነዳው ከ50 ኪሎ ሜትር ጀምሮ ይንቀጠቀጣል፤ በ70 አካባቢ እግሬን ከነዳጅ ላይ ሳነሳ ደግሞ ከኋላ ያፏጫል። ከዲፈረንሻሉ አፍንጫም ዘይት ይንጠባጠባል። ጋራዥ ስወስደው የኋላውን ጥርስ ከ4.10 ወደ 4.88 እንድቀይር፣ የፊተኛው ብዙ ስለማይሠራ እንዲቀር፣ ጭቃ ላይ እንዳልቸገር ደግሞ የኋላው ዲፈረንሻል ውስጡ እንዲበየድ መከሩኝ። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ የኋላውን ጥርስ ብቻ አይቀይሩ፤ ዲፈረንሻሉንም አያስበይዱ። ሁለቱም ምክሮች ዛሬ ካለብዎት ችግር የባሰ ችግር ያመጣሉ። በጥያቄዎ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ተቀላቅለዋል፤ አንደኛው የጎማው መጠን ያመጣው የጉልበት ማነስ፣ ሁለተኛው በካርዳን ዘንጉ (የሞተሩን ኃይል ወደ አክስሉ በሚያደርሰው ረጅም ዘንግ) እና በዲፈረንሻሉ (በአክስሉ መሐል ባለው የጥርስ ቤት) ላይ የተፈጠረ ልቅነት፣ ሦስተኛው የድንጋይና የጭቃ መንገድ ጉዳይ ነው። ጋራዡ ሦስቱንም በአንድ የጥርስ ለውጥና በአንድ ብየዳ ሊዘጋቸው ፈልጓል። እኔ ግን ለየብቻ እንዲታዩ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የላላው ሳይጠገን የሚገባ አዲስ ጥርስ ዕድሜ አይኖረውም።

ከጉልበቱ እንጀምር። የቀድሞው 205አር16 ጎማ ከአንድ ጠርዝ እስከ ሌላው 734 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ የአሁኑ 265/75አር16 ደግሞ 804 ሚሊሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ 9.5 በመቶ ነው። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር መኪናው ከቀድሞው 9.5 በመቶ የበለጠ መንገድ ይሄዳል፤ ሞተሩም በዚያው መጠን የበለጠ ሸክም በእያንዳንዱ ዙር ይሸከማል። 4.10 ማለት ጎማው አንዴ እንዲዞር ካርዳን ዘንጉ 4.10 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው፤ በአዲሱ ጎማ ግን የ4.10 ጥርስዎ በመሬት ላይ የሚሠራው 3.74 እንደሆነ ጥርስ ነው፤ ማንም ባለሙያ ቱርቦ ለሌለው የናፍጣ ሞተር፣ ያውም ለጭነት፣ 3.74 አይመርጥም። የፍጥነት መለኪያዎም ተዛብቷል፤ 80 ሲያሳይ በእውነት የሚነዱት ወደ 88 ገደማ ነው። ይህንን ባለማወቅ ብዙ አሽከርካሪዎች መኪናው የደከመው በፍጥነታቸው እየመሰላቸው ይበልጥ ይጫኑታል።

በዚህ ላይ የእርስዎ አካባቢ ከፍታ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ከዚህ ጉድለት ብዙውን ይክሳል፤ የእርስዎ ሞተር ግን የሚያገኘውን አየር ብቻ ስለሚስብ ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን ቤቱ ሆኖ ያጣዋል። ሸዋ ሮቢት ወርደው ሲነዱት የሚሻለው፣ ጣርማበርን ሲወጣ የሚተኛው በዚህ ምክንያት እንጂ ሞተሩ ስለታመመ ላይሆን ይችላል። ቢሆንም የአየር ፊልትሮውን አስቀድመው ይመልከቱ፤ በአቧራማ መንገድ የሚሠራ መኪና ላይ የታፈነ ፊልትሮ ከጎማው ለውጥ ጋር ተደምሮ ጥፋተኛውን ያምታታል። የጫኑትንም ኩንታል ሊብሬው ላይ ከተጻፈው የጭነት ልክ ጋር ያስተያዩ፤ ጋቢና ውስጥ የተቀመጡት ሰዎችም ክብደት ናቸው።

አሁን ወደ ጋራዡ ምክር ልምጣ። የእርስዎ መኪና ባለ አራቱን ጎማ የሚጠቀመው አንዳንዴ ብቻ፣ በተፈለገ ጊዜ ነው፤ በፊትና በኋላ ዘንጎች መካከል ልዩነትን የሚያስተካክል ሦስተኛ ዲፈረንሻል የለውም። የትራንስፈሩ (ኃይልን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው የጥርስ ሣጥን) ማንሻ አራት ጎማ ላይ ሲገባ የፊቱና የኋላው ካርዳን ዘንግ እንደ አንድ ዘንግ እኩል ይዞራሉ። የኋላው 4.88፣ የፊተኛው 4.10 ከሆነ የኋላ ጎማዎች 100 ሜትር ሲሄዱ የፊቶቹ 119 ሜትር ለመሄድ ይገደዳሉ። መሬቱ እርጥብ ጭቃ ከሆነ ጎማው እየተንሸራተተ ለጊዜው ያሳልፈዋል፤ ድንጋይ ወይም ደረቅ ኮረት ላይ ግን ልዩነቱ የሚወጣበት ስለማያገኝ በብረቱ ውስጥ ይጠራቀምና ከደካማው ቦታ ላይ ይወጣል። ደካማው ቦታ አንዳንዴ ክሮቼራ (የካርዳን ዘንጉ ባለ መስቀል መገጣጠሚያ) ነው፤ አንዳንዴ የፊት ጎማው ውስጥ ያለው የሚታጠፍ መገጣጠሚያ ነው፤ አንዳንዴም የትራንስፈሩ ጥርስ ነው። ጋራዡ «የፊተኛው ብዙ አይሠራም» ማለቱ ትክክል ነው፤ ግን የሚሠራው መኪናው በጣም በሚቸገርበት፣ ከሰው ርቆ በሚገኝበት ቦታ ነው። ፊቱና ኋላው አንድ ዓይነት ጥርስ ሊኖራቸው የግድ ነው፤ የጎማዎቹም መጠን አንድ መሆን አለበት።

በነገራችን ላይ፣ ትርፍ ጎማዎ አሁንም አሮጌው 205አር16 ከሆነ ያው አደጋ ተሸክመው እየሄዱ ነው። የኋላ ጎማ ቢፈነዳብዎት ትርፉን ከፊት ያስገቡት፤ ከፊት የሚነሳውን ትልቁን ጎማ ወደ ኋላ ያምጡ። የፊት ሞዞ ላይ ያሉትን ፍሪ ሀብ (የፊት ጎማውን ከዘንጉ የሚያላቅቁትን መቆለፊያዎች) ሁለቱንም ነፃ አድርገው በሁለት ጎማ ብቻ ይንዱ፤ ትክክለኛውን ጎማ እስኪያገኙ ድረስም የአራት ጎማውን ማንሻ አይንኩ። መሪው ወደ ትንሹ ጎማ በኩል ሊስብ ስለሚችልም ፍጥነትዎን ይቀንሱ።

ስለ ብየዳው። ዲፈረንሻል የተሠራው መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ ነው። በእርስዎ መኪና ስፋት፣ አንድ ሙሉ ክብ ዞረው ቢመለሱ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው 9 ሜትር ያህል የበለጠ ይሄዳል። ውስጡ የተበየደ ዲፈረንሻል ይህንን ልዩነት አይቀበልም፤ አንዱ ጎማ አስፋልቱን እየፋቀ እንዲጎተት ያደርጋል፤ ዘንጉም በእያንዳንዱ ኩርባ እየተጠማዘዘ ቀስ በቀስ ይደክማል። ጎማ ያልቃል፣ የኋላ ዘንግ ይሰበራል፤ ከሁሉ የከፋው ግን ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በዝናብ ሲወርዱ መኪናው በኩርባው ላይ ቀጥ ብሎ ለመሄድ መፈለጉ ነው። በአንድ በኩል ገደል ባለበት መንገድ ሰው ለሚጫንበት መኪና ይህንን ሥራ የሚቀበል ጋራዥ ሊኖር አይገባም ብዬ አምናለሁ። ጭቃ ላይ መያዝ ከፈለጉ ትክክለኛ መንገድ አለው፤ ወደ ኋላ ላይ እመጣበታለሁ።

ጥገናው የሚጀምረው «ቋ» ከሚለው ድምፅ ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙት፤ ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት ከፊትም ከኋላም ይደግፉ፤ ካምቢዮውን ባዶ ላይ አድርገው የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። ከዚያ ከሥር ገብተው የኋላውን ካርዳን ዘንግ በሁለት እጅ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙሩት። ልቅነቱ ከየት እንደሚመጣ በዓይን ይታያል። የዘንጉ ሹካ ተንቀሳቅሶ የተጋጠመበት ሌላው ሹካ ወዲያው ካልተከተለው ክሮቼራው አልቋል፤ በክሮቼራው አራት ኩባያዎች ጫፍ ላይ ቀይ የዝገት ዱቄት ካዩ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ክሮቼራው ደህና ሆኖ ዘንጉ በሚንሸራተትበት ባለጥርስ እጅጌ ላይ ልቅነት ካለ ግራሶ አይመልሰውም፤ እጅጌውና ዘንጉ አብረው መቀየር አለባቸው። ሁለቱም ደህና ሆነው የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ጎማው ሳይነቃነቅ ብዙ የሚዞር ከሆነ ግን ልቅነቱ ውስጥ ነው። ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች መግፋትም አይርሱ፤ አፍንጫው ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀሳቀሰ የፒኞኑ (ከካርዳን ዘንጉ ጋር የተያያዘው ትንሹ የዲፈረንሻል ጥርስ) ኩሽኔታ መላላቱ የተረጋገጠ ነው። ዘንጉ ባለ ሁለት ቁራጭ ከሆነ ደግሞ መካከለኛው ኩሽኔታና የያዘው ላስቲክ መታየት አለባቸው።

ካርዳን ዘንጉ ሲፈታ ከመፈታቱ በፊት በሁሉም መጋጠሚያዎች ላይ በቀለም ወይም በመዶሻ ጫፍ ምልክት ይደረግ። ዘንጉ በእጅጌው ላይ ተለያይቶ አንድ ጥርስ እንኳ ተዛንፎ ቢገባ የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች በአንድ አቅጣጫ መሆናቸው ይቀርና ምንም ያህል አዲስ ክሮቼራ ቢገባበት ይንቀጠቀጣል። ብዙ ጊዜ «የተገዛው ክሮቼራ ፎርጅድ ነው» ተብሎ የሚጣለው ዕቃ ጥፋቱ እዚህ ላይ የተፈጸመ ነው።

መንቀጥቀጡ ባዶውን ሲሆን ብቻ መኖሩ ግን ሌላ ነገር ይነግረኛል። የተጨመረው የባሌስትራ ቅጠል የመኪናውን ጀርባ አንሥቶታል፤ የካርዳን ዘንጉ ማዕዘንም አብሮ ተቀይሯል። ክሮቼራ በሁለቱም ጫፍ እኩል ሲታጠፍ አንዱ የሚፈጥረውን መወዛወዝ ሌላው ያጠፋዋል፤ ለዚህም የትራንስፈሩ መውጫና የዲፈረንሻሉ አፍንጫ አቅጣጫ እርስ በርስ ትይዩ መሆን አለበት። ጭነት ሲኖር ባሌስትራው ወርዶ ማዕዘኑ ወደ ቦታው ስለሚጠጋ መንቀጥቀጡ ይጠፋል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ የተጨመረውን ቅጠል ማውጣት፣ ወይ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ሽብልቅ ብረት አስገብቶ አፍንጫውን ማስተካከል። እኔ ቅጠሉ እንዲወጣ እመክራለሁ። ቅጠሉ ሣጥኑን እንጂ ዲፈረንሻሉን ከመሬት አያነሣውም፤ አክስሉ የተቀመጠው ጎማው ላይ ነውና። ዲፈረንሻሉን ከድንጋይ የሚያርቀው የጎማው ቁመት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የ70 ሚሊሜትሩ ልዩነት ለሁለት ተካፍሎ 35 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሰጠዎት።

እግርዎን ከነዳጅ ሲያነሱ የሚመጣው ፉጨት ከአፍንጫው የዘይት ጠብታ ጋር ሲደመር ለእኔ አንድ ነገር ያመለክታል። ፒኞኑ በሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ተጨምቆ ይቀመጣል፤ ጭመቱ ሲላላ ፒኞኑ እንደ ጫናው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል፤ ከኮሮናው (ከትልቁ ክብ ጥርስ) ጋር የሚነካካበትም ቦታ ይቀየራል። ዘይት መከላከያው የሚያፈሰውም አፍንጫው እየተወዛወዘ ስለሚያሰፋው ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ዘይት መከላከያውን ብቻ መቀየር ሁለት ወር ማራዘም ነው፤ የፒኞኑን ዳዶ በረጅም መፍቻ ማጥበቅ ደግሞ ጥፋት ነው። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል እየተጨፈለቀ ጭመቱን የሚወስን ቀጭን ቱቦ አለ። አንዴ ከልክ በላይ ከተጨፈለቀ ዳዶውን መልሶ ማላላት አያድነውም፤ በአዲስ መተካት አለበት። ዋጋው ከሁሉም ዕቃ ያነሰ ሆኖ ሳለ አሮጌው እየተመለሰ የሚገባበት ጋራዥ ብዙ ነው። ሥራው በተጀመረ ጊዜ አዲሱ ቱቦ እጅዎ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ።

ከፉጨቱ ጋር የጎማውን ድምፅ እንዳያምታቱ አስጠነቅቃለሁ። የገጠር መንገድ ጎማ በአስፋልት ላይ በራሱ ይጮኻል፤ ነገር ግን ነዳጅ ሲሰጡም ሲያነሱም ድምፁ አይለወጥም። መሪ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብሉ የሚጨምር ጉርምርምታ ደግሞ የጎማ ኩሽኔታ ነው። ነዳጅ ከመስጠትና ከማንሣት ጋር የሚመጣና የሚሄድ ድምፅ ብቻ ነው ወደ ኮሮናና ፒኞን የሚያመራው።

የፍሪሲዮኑ ሽታ በአብዛኛው የጎማው ውጤት ነው። ጥርሱ በመሬት ላይ ወደ 3.74 ስለወረደ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ሸራው ለረጅም ጊዜ እየተንሸራተተ ይግላል። አሁን ምን ያህል እንደተጎዳ ለማወቅ በ4ኛ ማርሽ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይስጡት፤ ፍጥነቱ ሳይጨምር የሞተሩ ድምፅ ብቻ ከፍ ካለ ሸራው አልቋል። ሲፈታ ቮላኖው (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት የሞተሩ ክብ ብረት) በቶርኖ ይስተካከል፤ ከሞተሩ ኋላ የሚወጣ ዘይት ካለ መከላከያው አብሮ ይቀየር፤ መግፊያ ኩሽኔታውም አሮጌው አይመለስ። ጠንካራ ተብሎ የሚሸጥ ፍሪሲዮን ግን ለእርስዎ አያስፈልግም። የተሳሳተን ጥርስ በጠንካራ ፍሪሲዮን መሸፈን ጫናውን ወደ ካምቢዮው ማሻገር ብቻ ነው።

አሁን የጥርስ ምርጫ። በእነዚህ መኪኖች ላይ በብዛት የሚገኙት 4.10፣ 4.30፣ 4.56 እና 4.88 ናቸው። የጥርሶቹ ብዛት (የኮሮናው በፒኞኑ) 4.10 ላይ 41 በ10፣ 4.30 ላይ 43 በ10፣ 4.56 ላይ 41 በ9፣ 4.88 ላይ 39 በ8 ነው። በ4ኛ ማርሽ በ80 ኪሎ ሜትር ሞተርዎ በአሮጌው ጎማ በደቂቃ 2,440 ዙር ያህል ይዞር ነበር፤ አሁን ወደ 2,230 ወርዷል። 4.56 ቢገባ 2,480 ገደማ፣ 4.88 ቢገባ ደግሞ 2,650 ገደማ ይሆናል። 4.30 ከጎማው ያጡትን ግማሹን ብቻ ስለሚመልስ የሥራውን ድካም አያክልም። 4.88 በትልቁ ጎማ ላይ ለዳገት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ፒኞኑ 8 ጥርስ ብቻ ያለው፣ ከሌሎቹ ያነሰ ስለሆነ ለከባድ ጭነት ጥንካሬው ይቀንሳል። ወደ ትንሹ ጎማ መመለስ ቢያስፈልግም ሞተሩን በአስፋልት ላይ ያለ ምክንያት ያስጮኸዋል።

የእኔ ምክር ከፊትም ከኋላም 4.56 ነው። አሁን ባለው ጎማ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረው ልክ ይመለሳል፤ የፍጥነት መለኪያውም 80 ሲል በእውነት 79 ያህል ይሆናል። ነገ ወደ 205አር16 ቢመለሱ ደግሞ በሁሉም ማርሽ 11 በመቶ የበለጠ የመጎተት ኃይል ያገኛሉ፤ ይህም ለደብረ ብርሃን ከፍታ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም። ቁልቁለትም ላይ ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት አቅም ይመለሳል። ትልቅ ጎማ ፍሬኑንም እንደሚያደክመው አይዘንጉ፤ ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ መኪና በፍሬን ብቻ ሊያዝ አይገባውም።

ወደ ትንሹ ጎማ መመለስ የሚለውን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። 265/75አር16 ጎማ ቢያንስ 7 ኢንች ስፋት ያለው ቼርኪ ይፈልጋል። ቼርኪዎ ከ205አር16 ጋር የመጣው ከሆነ ከዚያ ይጠባል፤ ስፋቱ ቼርኪው ላይ ተጽፎ ያገኙታል። ጠባብ ቼርኪ ላይ የተጫነ ሰፊ ጎማ መካከሉ ብቻ ያልቃል፤ ጭነት ኖሮት ሲታጠፍም ጎኑ ይወላገዳል። እንዲህ ከሆነ ወይ ቼርኪውን ይቀይሩ፣ ወይ ጎማውን ሸጠው ወደ ቀድሞው ይመለሱ። ሦስተኛ አማራጭ የለም።

ጥርሱን ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አዲስ ኮሮናና ፒኞን ገዝቶ አሮጌው ራስ (ጥርሶቹ የሚቀመጡበት የዲፈረንሻሉ ክፍል) ውስጥ ማስገባት ነው፤ ሁለተኛው ከአንድ የተበተነ ሃይሉክስ የፊቱንና የኋላውን ሙሉ የዲፈረንሻል ራስ አብሮ መግዛት ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ ራሱ ከአክስሉ ቤት በቡሎን ተፈትቶ ሙሉ በሙሉ የሚወጣ ስለሆነ ሁለተኛው መንገድ ለጥሩ መካኒክ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ወዳለው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ሲሄዱ ሻጩ በቃሉ የሚነግርዎትን አይውሰዱ፤ ጥርሱን ይቁጠሩ፣ ኮሮናው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። የእያንዳንዱን ጥርስ ፊት በጨርቅ ጠርገው በብርሃን ይዩ፤ የተበላ፣ ነጥብ ነጥብ ያለው ወይም ሰማያዊ ቃጠሎ የሚታይበት ከሆነ ይተዉት። ኮሮናና ፒኞን አብረው ተፈጭተው የተጋቡ ናቸው፤ የአንዱን ኮሮና ከሌላው ፒኞን ጋር አጋብቶ የሚሸጥልዎት ካለ አይግዙ። የጥርሱ ብዛት ትክክል ቢሆን እንኳ ይጮኻል፣ ይበላል።

በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ ኩሽኔታ የተቀየረበት ራስ በልኬት እንጂ በእጅ ስሜት አይገጠምም። በኮሮናውና በፒኞኑ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ ይህ በባለ መርፌ መለኪያ እንጂ በዓይን አይታወቅም። በአዲስ ኩሽኔታ ፒኞኑ ብቻውን ሲዞር የሚጠይቀው ጉልበት ከ1.9 እስከ 2.5 ኒውተን ሜትር ነው። የፒኞኑ ጥልቀት በስፔሶር (በቀጭን የብረት ቀለበት) ይስተካከላል፤ ጥርሱ ላይ ቀለም ተቀብቶ ሲዞር አሻራው ወደ ጥርሱ መካከል መውደቅ ይኖርበታል። ሥራውን ከመስጠትዎ በፊት መለኪያው እንዳላቸው ይጠይቁ። ከሌላቸው ዋጋቸው ምንም ያህል ቢያንስ ሌላ ቦታ ይሂዱ፤ ደብረ ብርሃን ካጡ ራሱን አስፈትተው አዲስ አበባ ልከው ማስገጠም ይችላሉ።

የፊቱ ራስ በወጣ ጊዜ የፊት ጎማዎቹም መፈታታቸው አይቀርም፤ አጋጣሚውን ይጠቀሙበት። በእርስዎ መኪና የፊት አክስሉ ወጥ ነው፤ በሁለቱ ጫፍ ባለው ክብ ቤት ውስጥ ግራሶ የተሞላ የሚታጠፍ መገጣጠሚያ አለ። ከዲፈረንሻሉ በኩል ያለው ዘይት መከላከያ ሲያልቅ የማርሽ ዘይቱ ገብቶ ግራሶውን ያቀጥነዋል፤ ጥቁር ቅባት በጎማው ውስጠኛ ክፍል ላይ ሲንጠባጠብ የሚታየው ይህ ነው። መከላከያዎቹ፣ ግራሶውና የመዞሪያ ኩሽኔታዎቹ በአንድ ጊዜ ይታደሱ። ትልቅ ጎማ ይህንን መገጣጠሚያ ይጫነዋል፤ ስለዚህ መሪውን እስከ መጨረሻ አጥፈው በአራት ጎማ ነዳጅ አይርገጡ።

ዘይቱን በተመለከተ፣ ለሁለቱ ዲፈረንሻሎች ጂኤል-5 ደረጃ ያለው የማርሽ ዘይት ያስፈልጋል። ለካምቢዮው ግን ጂኤል-4 75ደብሊው-90 ያድርጉ፤ ብዙ የጂኤል-5 ዘይቶች ከመጠን በላይ ስለሚያዳልጡ ማርሽ የሚያስማሙት የነሐስ ቀለበቶች ሥራቸውን እንዳይሠሩ ያደርጋሉ። አክስሉ ላይ ያለችውን የመተንፈሻ ቫልቭ ማየትም ያስፈልጋል። በጭቃ ከተደፈነች ውስጡ የሞቀው አየር ዘይቱን በመከላከያው በኩል ይገፋዋል፤ የጋለ አክስል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ደግሞ በድንገት ቀዝቅዞ ውኃ ይስባል። ከቫልቯ ቦታ የጎማ ቱቦ አስገጥሞ እስከ ሣጥኑ ከፍታ ማውጣት በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ርካሹና ጠቃሚው ማሻሻያ ነው። ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ የተፈተሸው ዘይት ነጭ ሆኖ ከተገኘ ሳይውል ሳያድር ይቀየር፤ ክሮቼራዎቹም ግራሶ ይጠጡ።

ጭቃን በሚመለከት፣ ሎከር (ዲፈረንሻሉን የሚቆልፍ ዕቃ) ከመግዛትዎ በፊት የትራንስፈሩን ዝቅተኛ ማርሽ በትክክል ይጠቀሙበት። በዚህ ሞዴል ዝቅተኛው 2.28 እጥፍ ይቀንሳል፤ ጭነት ይዞ ልቅ ዳገት ላይ የሚወጣ ሰው ፍሪሲዮን ከማቃጠል ይልቅ ቆሞ ዝቅተኛውን አራት ጎማ ቢያስገባ፣ በ2ኛ ማርሽ ረጋ ብሎ ይወጣል። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን አራት ጎማ በፍጹም አይግባ። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከተቸገሩ ለዚህ ዲፈረንሻል የሚሆን፣ በአየር ግፊት አሽከርካሪው ሲፈልግ የሚቆልፈውና ሲፈልግ የሚፈታው ሎከር አለ። ዋጋው ከባድ ነው፤ ኋላውን ብቻ ማድረግ ይበቃዎታል። ራሱ ለጥርስ ለውጥ በሚፈታበት ጊዜ ካስገቡት የእጅ ዋጋውን አንድ ጊዜ ብቻ ይከፍላሉ፤ ስለዚህ ውሳኔውን ለኋላ አያቆዩት።

የሥራው ቅደም ተከተል ይህ ይሁን፤ በመጀመሪያ የቼርኪው ስፋት ይታይ፣ የባሌስትራው ቅጠል ይውጣ፣ ካርዳን ዘንጉና ክሮቼራዎቹ ይጠገኑ። ቀጥሎ ሁለቱም የዲፈረንሻል ራሶች 4.56 ሆነው በአንድ ጊዜ ይግቡ። ፍሪሲዮኑ ከዚያ በኋላ ተፈትሾ ካስፈለገ ይቀየር። ገንዘቡ ለሁለቱም ራሶች እስኪሞላ ድረስ የአንዱን አስገብተው መኪናውን አያሠሩ፤ በአሮጌው ጥርስ ጭነት ቀንሰው መሥራት ይሻላል። አዲስ ጥርስ ከገባ በኋላ መጀመሪያ ባዶውን 25 ኪሎ ሜትር ያህል በለዘብታ ነድተው ግማሽ ሰዓት ያቀዝቅዙት፤ ይህንንም ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ከባድ ጭነት አይጫን። ከዚያ የሁለቱንም ዲፈረንሻሎች ዘይት ይቀይሩ፤ በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ ግራጫ ልስልስ ዱቄት ቢገኝ የተለመደ ነው፤ በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን መኪናውን ሳይነዱ ራሱን መልሰው ያስፈትሹ።